ትሉን ቁጠሩልን

አዲስ አበባ ውስጥ ወንዝ ዳር ፎቶ መነሣት ፋሽን ሆኗል። እኛም ተነሥተናል፤ አንዋሽም። ሣሩ ተከርክሟል፣ መብራቱ ያብለጨልጫል፣ የአግዳሚ ወንበሩ ቀለም ገና አልለቀቀም፣ ማኪያቶም በቅርብ ይገኛል። ፎቶው ላይ የማይወጣው ሽታው ብቻ ነው። ከመካከላችን አንዷ «ትንፋሼን ይዤ ነው የሳቅሁት» ስትል ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ወሰንን።

በ2011 ዓ.ም. «ሸገርን ማስዋብ» የተባለው ፕሮጀክት ይፋ ሲሆን ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ በ29 ቢሊዮን ብር እንደሚለማ ተነገረን። ለዚሁ ገንዘብ ማሰባሰቢያ በተሰናዳው «ገበታ ለሸገር» እራት ላይ የአንድ ሰው ወንበር 5 ሚሊዮን ብር ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማቱ መጣ፤ እሱም ወንዞቹን አልረሳም። እንኳን ተሠራ እንላለን። ቆሻሻ ይጣልበት የነበረ ገደል ልጅ የሚሮጥበት ሜዳ ሲሆን ያየ ሰው አፉን ሞልቶ ሊያማ አይችልም።

ግን ስሙን ልብ በሉልን። «የወንዝ ዳርቻ ልማት» ነው የሚለው። ወንዙ እዚህ ስም ውስጥ የገባው ዳርቻው የማን እንደሆነ ለመናገር ብቻ ነው! ስለ ዳርቻው ሁሉ ነገር ይቆጠራል፤ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ችግኝ፣ ስንት ፋውንቴን፣ ስንት ጎብኚ። ስለ ውሃው ግን የተቆጠረ ነገር ለኛ ለነዋሪዎቹ ሲነገረን አልሰማንም። ስለዚህ ራሳችን ልንቆጥር ወጣን።

ዕቃችን ይኸው ነበር፦ አንድ የዱቄት ወንፊት (የተወሰደችባቸው እናት እስካሁን አላወቁም፣ በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እንጠይቃለን)፣ ነጭ የፕላስቲክ ሳህን፣ ጓንት፣ ሁለት ጥንድ ቦቲ ለአራት ሰው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ቀበና ገና ከእንጦጦ ወርዶ ቤት ሳይበዛበት ካለው ቦታ ጀመርን። አሠራሩ ልጅም ይችለዋል። ወንፊቱን ውሃው ከሚሄድበት በኩል ትደቅናላችሁ፣ ከፊቱ ያሉትን ድንጋዮች በእግራችሁ ታናውጣላችሁ፣ ከዚያ ወንፊቱ የያዘውን ነጩ ሳህን ላይ ትገለብጣላችሁ። መጀመሪያ ቅጠልና አሸዋ ብቻ ይመስላል። ትንሽ ስትታገሡ ቅጠሉ መራመድ ይጀምራል።

ጭራቸው እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ከጎንና ጎናቸው ትናንሽ ላባ የመሰለ ነገር የሚያርገበግቡ ፍጥረታት አየን። እነዚህ ሜይፍላይ የሚባሉት ነፍሳት ልጆች ናቸው፤ የሚርገበገበው መተንፈሻቸው ነው። ከአሸዋና ከእንጨት ስባሪ ቤት ሠርቶ፣ በራሱ ሐር ሰፍቶ፣ ቤቱን እየጎተተ የሚሄድ ካዲስፍላይ የሚባልም አገኘን። (ያለ ካርታና ያለ ሊዝ ቤት የሠራ የአዲስ አበባ ነዋሪ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።)

ከሰዓት በኋላ ያንኑ ወንዝ ተከትለን ወደ ታች ወረድን። ከተማው መሀል ስንደርስ ወንፊታችን ያወጣው ጥቁር ጭቃ ነው። ጭቃው ውስጥ ቀጭን፣ ቀይ፣ የሚጠማዘዝ ትል ሞልቷል። ሌላ ምንም የለም። ሜይፍላይ የለም፤ ቤት ሠሪውም የለም። ድልድዩ ላይ ቆመው ሲያዩን የነበሩ አንድ አባት «ልጆቼ፣ ምን ወደቀባችሁ?» አሉን። «ትል እየፈለግን ነው አባባ» አልናቸው። ሳቁብን። «ትልማ ሞልቷል! እኔ እዚሁ ስዋኝ ነው ያደግሁት፤ ያኔ ነበር ትል የጠፋው።»

ከሳይንሱ ጋር የማይስማማው አንዲት ቃላቸው ብቻ ናት። ያኔም ትል ነበረ። ዓይነቱ ነው የተለየው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ከወንዝ በታች፣ ድንጋይና ጭቃ ውስጥ፣ በዓይን የሚታዩ አከርካሪ የሌላቸው ፍጥረታት ይኖራሉ፤ የነፍሳት እጮች፣ ቀንድ አውጣዎች፣ አልቅቶች፣ ትሎች። ሁሉም አንድ ዓይነት ውሃ አይችሉም። ሜይፍላይና ካዲስፍላይ በጥቅሉ ንጹሕና ኦክስጅን የሞላበት ውሃ ይፈልጋሉ። ስቶንፍላይ የሚባለው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ቅንጡ ነው። ካይሮኖሚድ ከሚባሉት የማይናከሱ ትንኞች ወገን ያለው ቀዩ እጭ ግን ፍሳሽ በበዛበት ጭቃ ይኖራል። ቅላቱ ከሂሞግሎቢን ነው፤ እኛ ደም ውስጥ ያለው ዓይነት። ኦክስጅን ባነሰበት ቦታ ያገኛትን ትንሽ ኦክስጅን አጥብቆ የሚይዝበት መሣሪያው ነው። ከዚያም የባሰበት ቦታ ላይ እንደ አይጥ ጭራ የረዘመ ቱቦ ያለው የዝንብ እጭ ይመጣል። ቱቦውን ከውሃው በላይ አውጥቶ አየሩን በቀጥታ ስለሚስብ ውሃው ሞተ ቢባል ግድ የለውም።

እነዚህን ነው ባለሙያዎቹ አመልካች ዝርያዎች የሚሏቸው። ማን እንደቀረ፣ ማን እንደሸሸ፣ ማን እንደነገሠ ቆጥሮ ወንዙ በምን ጤና ላይ እንዳለ ማወቅ ይቻላል። ወንዙን ብቻም አይደለም። ተራራው ሲራቆት አፈሩ ታጥቦ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል፤ እዚያ የሚኖሩትም ያልቃሉ። ጋራዡ የተቃጠለ ዘይት ሲደፋ፣ ሽንት ቤቱ በቱቦ ወንዝ ላይ ሲለቀቅ፣ ለሕንፃ መሠረት የተቆፈረ አፈር ሌሊት ገደል ሲገለበጥ ሒሳቡ ታች ይደርሳል። ተፋሰሱ ላይ የተሠራ ሥራ ሁሉ መዝገቡ ወንዙ ሥር ነው።

«ላብራቶሪ እያለ ምን ትል ያስቆጥራል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ደግ ነው። ላብራቶሪ እንወዳለን። ግን በጠርሙስ የተቀዳ ውሃ የሚናገረው ስለዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። ናሙና ቀጂው የሥራ ሰዓቱን ጠብቆ ማክሰኞ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ይመጣል። ፍሳሽ የሚለቅ ሰው ግን የሥራ ሰዓት የለውም። ቅዳሜ ሌሊት ይለቃል፤ ክረምት ከሆነ ዶፍ ሲወርድ ጠብቆ ይለቃል። ማክሰኞ ውሃው አልፎ ሄዷል። ሜይፍላዩ ግን ሳምንታትን፣ አንዳንዱም ወራትን እዚያው ድንጋይ ሥር ኖሯል። ቅዳሜ ሌሊት ቤቱ ነበረ። ማክሰኞ ድንጋዩን ገልብጠን ካጣነው አንድ ነገር ተፈጥሯል ማለት ነው። ምስክሩ መጥፋቱ ራሱ ምስክርነት የሚሆንበት ችሎት ይኸ ነው።

ምን ዓይነት መርዝ እንደገደለው አይነግረንም፤ ይህን አንደብቅም። እሱን ላብራቶሪው ይንገረን። ጎርፍም ነፍሳቱን ጠርጎ ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ ክረምት መሀል ገብቶ መቁጠር ሞኝነት ነው። ከላይ ካለው ብዙ ካልተነካ ቦታ ጋር ሳያወዳድሩ መፍረድም አይቻልም። ትሉ ሐኪም አይደለም። ግንባር ሲነኩት ትኩሳት መኖሩን የሚያውቅ እጅ ነው። እኛ የጠየቅነው ከ29 ቢሊዮን ብር ፕሮጀክት በኋላ የታማሚውን ግንባር የሚነካ እጅ የት አለ ነው።

ደግሞ ትናንት የተፈጠረ ነገር አይደለም። ጀርመኖቹ ኮልክዊትዝና ማርሰን በፍሳሽ የተበከሉ ወንዞችን በሚኖሩባቸው ፍጥረታት መመደብ የጀመሩት ከመቶ ዓመት በፊት፣ በ1900ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ነው። እንግሊዞች በኋላ ነገሩን ወደ ነጥብ አወረዱት፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፣ ቅንጡው 10፣ ሁሉን ቻዩ ትል 1። ደቡብ አፍሪካ የራሷን መመዘኛ ሠራች። እሱንም አሳጥራ ተማሪዎችና መንደርተኞች የሚጠቀሙበት፣ ፍጥረታቱን በ13 ቡድን ብቻ የሚከፍል ሚኒሳስ የሚባል መንገድ አወጣች። የነፍሳት ስም በላቲን መሸምደድ አያስፈልግም፤ ሥዕሉን ከሳህኑ ማስተያየት ይበቃል።

ይህ ለይምሰል እንዳይመስላችሁ። በሐምሌ 2013 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ አገር ኬኔት በሚባል ወንዝ ላይ ነፍሳቱ በድንገት አለቁ። ያወቀው የመንግሥት መሣሪያ አልነበረም። በየጊዜው ወንፊታቸውን ይዘው የሚቆጥሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው ባዶ ሳህን አይተው የጮኹት። ሲመረመር ክሎርፓይሪፎስ የሚባል ፀረ ተባይ ወደ ወንዙ ገብቶ ተገኘ። ውሃው ለዓይን ያው ጥርት ያለ ውሃ ነበር። እኛ ጋ ውሃው ጠቁሮ፣ አረፋ አውጥቶ፣ ሸትቶ እንኳ የሚጮህ የለም። ቢጮህም ምን ይዞ ይጩህ?

አሁን «ይህ የፈረንጅ ነው፣ ለኛ አይሆንም» የምትሉ ትመጣላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። የአውሮፓን ነጥብ እንዳለ ማምጣት አይሠራም። እዚያ ለንጹሕ ወንዝ መለያ የሚሆነው ስቶንፍላይ በሐሩር አፍሪካ ዓይነቱ ጥቂት ነው፤ ስላልተገኘ ብቻ ወንዛችንን ቆሻሻ ብንል እንሳሳታለን። ግን ይህን የኛ ተመራማሪዎች ድሮ አውቀውታል። የኢትዮጵያን የተራራ ጅረቶች ፍጥረታት የሚዘረዝር ጥናት በ1988 (እ.ኤ.አ.) ሃሪሰንና ሃይንስ አሳትመዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥዩም መንግሥቱና ተማሪዎቻቸው ዓመታት የፈጀ ሥራ ሠርተዋል፤ ትልቁ አቃቂ በነዚሁ ፍጥረታት የተመረመረበት ጥናት በ2011 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ጅማ ላይ እነ አርጋው አምበሉ የጊቤን ወንዞች አጥንተዋል። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ አስቻለው ላቀውና ኦቶ ሞግ «ኢትባዮስ» የተባለ፣ ለኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች ተብሎ የተሠራ የነጥብ መመዘኛ አወጡ። መመዘኛው አለ ማለት ነው! በኛው ወንዝ፣ በኛው ነፍሳት፣ በኛው ሰው።

ታዲያ የት ነው ያለው? መጽሔት ውስጥ። መጽሔቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፤ ብዙውን ለማንበብ በዶላር ይከፈላል። አገር የሚያህል ዕውቀት ወጥቶ፣ ተመርቆ፣ ጋዋን ለብሶ ፎቶ ተነሥቶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። እኛም ተመርቀን የተቀመጥን ነንና ሕመሙ ይገባናል።

ሕግ ጎድሎን ነው እንዳትሉ ደግሞ ሕጉ ሞልቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው፣ ጉዳዩ በቀጥታ ባይነካው እንኳ፣ በካይን ለመክሰስ መብት ይሰጠዋል። መጀመሪያ ለባለሥልጣኑ ታመለክታላችሁ፤ በ30 ቀን መልስ ካጣችሁ ወይም መልሱ ካላረካችሁ ፍርድ ቤት ትሄዳላችሁ። ሲነበብ ልብ ያሞቃል። አፓፕ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የመብት ድርጅት ሞክሮት ነበር። በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ምክንያት የዚያን ጊዜውን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ፍርድ ቤት አቆመ። በ2006 (እ.ኤ.አ.) ክሱ ውድቅ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ አስተዳደር ወንዝ የሚበክለውን ከበድ ባለ የገንዘብ መቀጮ የሚቀጣ ደንብ ሥራ ላይ አውሏል። ጥሩ ነው። ግን ደንብ አስከባሪው የሚይዘው ማንን ነው? በዘንቢል ቆሻሻ ይዛ ድልድይ ላይ የደረሰችውን ሴትዮ ነው፤ ምክንያቱም በዓይን የምትታየው እሷ ናት። በመሬት ሥር ቱቦ፣ በሌሊት፣ በዝናብ የሚለቀቀው አይታይም። የዚያ ምስክሩ ከላይ ድልድይ 20 ዓይነት ፍጥረት፣ ከታች ድልድይ 2 ዓይነት ትል መገኘቱ ነው። በመካከላቸው ያለውን አጥር ሁሉ እየዞሩ ማንኳኳት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

«እሺ፣ ሜይፍላይ ቢሞት እኔን ምን ቸገረኝ?» ብላችሁ ከሆነ ምሳችሁ ላይ እንገናኝ። በከተማውና ከከተማው በታች በነዚሁ ወንዞች ዳር ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ይለማል። የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ነው። ገበያ ወርዶ፣ ታጥቦ፣ በጾም በያይነቱ ላይ ቁጭ ይላል። ፍስሐ ኢታና በ2002 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ የሚለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ከባድ ብረቶች መኖራቸውን ካስጠነቀቀ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ሆነው። ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም። እሱ ያለው ውሃ ያ ነው፤ ልጆቹም መጀመሪያ የሚበሉት ከዚያው ነው። ብክለቱን የላክንለት እኛ ከላይ ያለነው ነን።

ወንዙም አቃቂ ላይ አይቆምም። ትልቁም ትንሹም አቃቂ አባ ሳሙኤል ይገባሉ። የአገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የነበረው ግድብ ሐይቁ በእምቦጭ የሚወረረው፣ የኛ ፍሳሽ ማዳበሪያ ስለሆነለት ነው። ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ ቆቃ። አዳማ የሚጠጣው ውሃ ከአዋሽ ተቀድቶ የሚጣራ ነው። ከዚያም ወደ አፋር ይወርዳል፤ ከብቱም ሰውም ይጠጣዋል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ምድር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ስለዚህ ጉዳችንን ባሕር ወሰደው ማለት አንችልም፤ እዚሁ አገር ውስጥ ነው የሚቀረው።

አንድ ነገር ደግሞ ያናድደናል። ወንዝ ማስዋብ ሲባል ግራና ቀኙን ግንብ አጥሮ ሥሩንም ሲሚንቶ መለሰን የሚመስለው መሐንዲስ አይጠፋም። ልሙጥ ሲሚንቶ ላይ ድንጋይ የለም፤ ድንጋይ ከሌለ መደበቂያ የለም፤ መደበቂያ ከሌለ ውሃው ቢጸዳ እንኳ የሚኖርበት የለም። ለፎቶ ያምራል። ቦይም እኮ ያምራል፤ ወንዝ ግን አይደለም።

የምንጠይቀው ትልቅ አይደለም። ለእያንዳንዱ ድልድይ አንድ ሰሌዳ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲረጋ፣ አንዴ ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት፣ ትሉ ይቆጠር። ውጤቱ በአማርኛና በኦሮምኛ፣ በቁጥር፣ ከቀን ጋር ይለጠፍ። ዘንድሮ 3 ከሆነ 3 ይባል፤ በሚቀጥለው ዓመት 4 ከሆነ እኛው መጥተን እናጨበጭባለን፤ 2 ከሆነ ደግሞ አላፊው አግዳሚው ለምን ይበል። ቆጣሪ ከየት ይመጣል እንዳትሉ በየዓመቱ ባዮሎጂ ተመርቆ ሥራ ፈላጊ ሰሌዳ ሥር የሚቆም ወጣት ሞልቷል። በየወንዙ ዳር ትምህርት ቤት አለ፤ የባዮሎጂ አስተማሪው በጠመኔ የሚሥለው ፍጥረት 200 ሜትር ርቀት ላይ በሕይወት አለ፤ ወይም ሞቷል። ሁለቱም ትምህርት ነው። ወጪውን ስናሰላ ደግሞ የዚያ እራት ግማሽ ወንበር እንኳ አልሞላልን አለ።

ቁጥሩ የሚያሳፍር ከሆነስ? ያሳፍር። እኛ እኮ አሁንም እያፈርን ነው፤ ትንፋሻችንን ይዘን ፎቶ የምንነሣው ለምን ይመስላችኋል?

እኛ ኅዳር ላይ ተመልሰን ቀበና እንወርዳለን። ያንኑ ሦስት ቦታ፣ በዚያው ወንፊት (እናትየዋ ካልደረሱብን)። የሚመጣ ካለ ቦቲውን ይዞ ይምጣ፤ ሁለት ጥንድ ለአራት ሰው አልበቃንም።